ምእመናን በሚሳደዱበት ጊዜ፦ ጥያቄው ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

የፎገራዋ ወረታ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚመላለሰው መኪና ያልፍባታል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደውም እዚሁ ይታጠፋል። የሩቅ አገር ወሬ እዚህ አይዘገይም። አርሲ ላይ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ ምእመናን ተገደሉ በተባለ ማግስት ሩዝ መፈልፈያ ቤት ወረፋ የያዘውም፣ ሰንበቴ የተቀመጠውም የሚያነሣው ያንኑ ጥያቄ ነው፦ እኛስ ምን እናድርግ?

ጥያቄው የቆየ ነው። በ1999 ዓ.ም. በጅማ ዞን በሻሻ ላይ ኦርቶዶክሳውያን ተገድለዋል። በ2003 ዓ.ም. ቁርኣን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነዝቶ በዚያው ዞን በአሰንዳቦ አካባቢ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተፈናቀሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ተራው የጅግጅጋ ሆነ፤ እዚያ የተቃጠለው ሕንፃ ብቻ አልነበረም፣ ካህናትም ሞተዋል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ደግሞ ሻሸመኔንና የአርሲ ከተሞችን ጨምሮ በብዙ ቦታ ቤትና ንብረት ወደመ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት 123 ሰዎች ሞተዋል፣ ከ6,000 በላይ ተፈናቅለዋል። ከሟቾቹ 76ቱን የገደሉት የጸጥታ ኃይሎች፣ 35ቱን ደግሞ በቡድን የተነሡ ሰዎች ናቸው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከአርሲ፣ ከሽርካ ወረዳ፣ የምእመናን መርዶ እንደገና ተሰማ።

ይህ የሃይማኖት ጥቃት ነው ወይስ የብሔር? ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እኔ ሁለቱን መለያየት አልችልም። ተጠቂው ብዙ ጊዜ በሚኖርበት አካባቢ በቁጥር ያነሰ ነው፤ እዚያው ተወልዶ አድጎ እንኳ «መጤ» የሚባል ገበሬ ነው፣ በትንሽ ከተማ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። ግን ኦሮሞ የሆኑ ኦርቶዶክሳውያንም ከጥቃቱ አላመለጡም። ስለዚህ ነገሩን በአንዱ ስም ብቻ የሚጠራ ሰው የተወሰኑትን ሟቾች ከመዝገቡ ያወጣቸዋል።

«ምን እናድርግ?» ወደሚለው ስንመለስ፣ እርዳታው የሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። የተፈናቀለው መጀመሪያ የሚሸሸው ወደዚያ ነው፤ የአጥቢያው ሰው እንጀራና ብርድ ልብስ ይዞ ይደርስለታል። ከዚያ ከሩቅ ገንዘብና እህል ይሰበሰባል። ፎገራ በዚህ በኩል አቅም አለው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ካለፉት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ የሩዝ አገር ሆኗል፤ «ኤክስ ጅግና» የሚሉት ሩዝ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ታጭዶ ሲወቃ፣ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሲሆን፣ ጭዱም ለከብት ሲከመር ላየ ሰው በየሰበካው ጥቂት ኩንታል ማውጣት ከባድ አይመስልም።

ችግሩ ከወር በኋላ ያለው ነው። ለተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚሰጥ አይጠፋም፤ በረከቱ ለዓይን ይታያልና። በሬው ለተነዳበት ገበሬ ጥማድ የሚገዛ፣ ባሏን ለቀበረች እናት የልጆቿን ደብተርና ዩኒፎርም የሚችል ግን ጥቂት ነው። የመሬት ደብተሩ ከቤቱ ጋር የነደደበት ሰው ይዞታውን ለማስመለስ ጠበቃና የመንገድ ገንዘብ ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ካልተመለሱ አዲሱ ሕንፃ ቀዳሽ ቢያገኝ እንኳ አስቀዳሽ አያገኝም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እላለሁ፤ መጀመሪያ በሬው፣ ዘሩና የቤቱ ክዳን፣ ከዚያ ጉልላቱ።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኛ ለዚህ አካባቢ ሰዎች ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ሙስሊሞቹም በረመዳን ጾም ላይ እያሉ፣ ጎንደር ላይ በአንድ ሼኽ ቀብር በተነሣ ጠብ ሰዎች ተገደሉ፤ መስጊዶችም ተቃጠሉ። በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሚሼል ባቼሌት በመግለጫቸው ቢያንስ 30 ሰዎች መሞታቸው እንደተነገራቸው ጠቅሰዋል። ሚያዝያ 20 ቀን አጸፋው ስልጤ ዞን ደረሰ፦ ሁለት ኦርቶዶክሳውያን በእሳት ተቃጥለው፣ አንድ ሌላ ሰው በስለት ተመትቶ ሞቱ፤ አምስት አብያተ ክርስቲያናትም ነደዱ። የጎንደሩን ጠብ እነዚህ ሰዎች አልጀመሩትም። ዋጋውን ግን እነሱ ከፈሉ።

ከእኛው ከደቡብ ጎንደር ዞን ሳንወጣ እንኳ በ2011 ዓ.ም. እስቴ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ መነሻው እንደ አሰንዳቦው ሁሉ ወሬ ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ላይ ያው ነገር ተደገመ። የሞጣዎቹ እንደገና ይሠሩ ሲባል ክርስቲያኖችም አዋጥተዋል፤ ያ መዋጮ ስልጤና አርሲ ላለው ምእመን ከተላከ እህል እኩል የሚቆጠር ይመስለኛል። ወረታ ውስጥ የሚነግደው ሙስሊም ጎረቤት ወሬ በተናፈሰ ቀን ሱቁን ሳይዘጋ ቢውል፣ የአገር ሽማግሌውና የደብሩ አለቃ ሳይጠሩ ቀድመው ደጁ ቢገኙ፣ በሌላ ዞን በቁጥር ላነሰው ክርስቲያን የሚተርፍ ሥራ ነው። እዚህ የተወረወረ ድንጋይ የት እንደሚያርፍ ስልጤ ላይ አይተናል።

ቀሪው የፍርድ ነገር ነው። በሚያዝያ 2014ቱ ግጭት ቢያንስ በአራት ከተሞች 578 ሰዎች መያዛቸውን ያው የባቼሌት መግለጫ ጠቅሷል። ከእነዚያ ስንቱ ተከሰሰ፣ በስንቱ ተፈረደበት ብሎ መከታተል እህል እንደ ማዋጣት ሁሉ የእርዳታው አካል መሆን አለበት፤ የሰበካ ጉባኤያትና ሀገረ ስብከቱም ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ሊያቀርቡት ይችላሉ። ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ወደ መንደሩ ተመለስ ሲሉት ከቆርቆሮው በፊት የሚጠይቀው ክብሪቱን የጫረው ሰው ዛሬም አጥር ለአጥር ጎረቤቱ መሆን አለመሆኑን ነው።