እንጀራው ስንት እንጨት ፈጀ?

ከአብደራፊና ከመተማ ወዲያ፣ የሱዳንን ድንበር ተሻግሮ እስከ ፋሽጋና ገዳሪፍ ድረስ፣ ጥቁሩ አፈር ሰሊጥና ማሽላ ያበቅላል። እርሻው በሰፋ ቁጥር ግራሩ ተመንጥሯል፤ ማገዶ ለቃሚዋም መንገዷ ረዝሟል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራይን ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ገዳሪፍ ሲገቡ ችግሩ ባሰ። በ1970ዎቹ ድርቅ ኢትዮጵያውያንን ያስጠጋው የኡም ራኩባ መጠለያ እንደገና ተከፈተ። ለስደተኞቹ ይሰፈር የነበረው እህል ማሽላ ነበር፤ ማሽላ ደግሞ ካልጋገሩት ወይም ካልቀቀሉት አይበላም። ስለዚህ በየቀኑ እንጨት ፍለጋ መውጣት ግድ ሆነ።

ይህን ፍጆታ ለመቀነስ መጀመሪያ መለካት ያስፈልጋል። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ፣ ቤቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅ ከኤ እስከ ጂ ባለው ፊደል የሚናገር የምስክር ወረቀት ይቀርባል። የሚመረመረው ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ መስኮቱና ማሞቂያው ነው፤ እዚያ ብርድ ዋናው ኃይል በላተኛ ነውና። በፋሽጋ ቆላ ግን ቤት ለማሞቅ እሳት የሚያነድ የለም። የጎጆው ኃይል ሁሉ የሚያልቀው ከምጣዱና ከድስቱ ሥር ነው። እዚህ ደረጃ ሊወጣለት የሚገባው ምድጃው ነው።

ለምድጃ ደረጃ መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መለኪያ ምድጃዎችን ከ0 እስከ 5 ይመድባል፤ ከማገዶው ሙቀት 10 በመቶውን እንኳ ወደ ድስቱ የማያደርስ ምድጃ 0፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያደርስ 5 ያገኛል። ነገር ግን ይህ በአብዛኛው የሚፈተነው ውሃ በማፍላት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ እንጀራ ውሃ አይደለም። ወፍራሙ የሸክላ ምጣድ እስኪግል ድረስ ብዙ እንጨት ይበላል፤ ከጋለ በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልሆነ አንዱ ወገን ያርራል፣ ሌላው ሊጥ ይሆናል። በውሃ ፈተና የተመሰገነ ምድጃ ምጣድ ሲጣድበት ሊያሳፍር ይችላል።

ለዚህ የሚበጀው የማብሰል ፈተና የሚባለው ነው፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ያቺው ጋጋሪ፣ ያንኑ ሊጥ፣ በተመሳሳይ እንጨት፣ መጀመሪያ በጉልቻ፣ ቀጥሎ በአዲሱ ምድጃ ትጋግራለች። እንጨቱ ከመንደዱ በፊት ይመዘናል፤ እርጥብ እንጨት ውጤቱን ስለሚያዛባ እርጥበቱም ይታያል። ሲያበቃ የተረፈው እንጨትና ፍም ይቀነሳል፣ እንጀራው ይመዘናል። መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይገኛል፦ ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ግራም እንጨት ነደደ? ፈተናው ደጋግሞ መደረግ አለበት፤ የአንድ ቀን ነፋስ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል።

በኢትዮጵያ በዚህ ሚዛን የታወቀው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ለእንጀራ ምጣድ ተብሎ ተሠራ። ሲሚንቶ ፑሚስ ከሚባለው ቀላል ድንጋይ ወይም ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ በቅርጽ ማውጫ ይመረታል። አራቱ ክፍሎች ተጋጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፋሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ተደርበው ለጭሱ መውጫ፣ ለድስቱም ማረፊያ ይሆናሉ። ስለዚህ ከምጣዱ ያለፈው ትኩስ ጭስ ወጥ ያሞቃል። በጉልቻ ላይ ነበልባሉ በነፋስ ወደ ጎን ሲሸሽ፣ እዚህ ከምጣዱ ሥር ይታፈናል። የማገዶው ቁጠባ ግማሽ ያህል እንደሚሆን በተደጋጋሚ ተለክቷል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንላለን፤ ማገዶ ግን በእርግጥ ይቆጥባል። ምድጃው ግን ከባድ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ልትነሳ ለምትችል ስደተኛ ተሸክሞ የሚኬድ ዕቃ አይደለም። ለእርሷ ከአካባቢው ጭቃ የሚሠራ ምድጃ ይሻላል፤ ቁጠባው ቢያንስ እንኳ ሲሰበር በእጇ መልሳ ትሠራዋለች።

የአጋገሩ ልማድም ቁጥሩን ይለውጠዋል። የመጀመሪያው እንጀራ ምጣዱን የማጋያውን ማገዶ ሁሉ ስለሚሸከም ውድ ነው፤ ሃያኛው ርካሽ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን በአንድ ምጣድ ተራ በተራ ቢጋግሩ የአንድ ማጋያ እንጨት ይተርፋል። አክንባሎውም ቢሆን በደንብ ካልገጠመ ሙቀት ያስመልጣል።

በእንጨት ፋንታ ኤሌክትሪክስ? በዚሁ አካባቢ ከጎንደር በመተማ በኩል ገዳሪፍ የሚደርስ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ ኢትዮጵያ ለሱዳን ኤሌክትሪክ የምትሸጠው በዚህ ነው። መስመሩ አጠገብ ላለች ጎጆ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሩቅ ነው። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ ደካማ የመንደር መስመር አይችለውም፤ በጥቂት የፀሐይ ሰሌዳም አይሞከርም። መብራቱ ሲደርስ ያው ሚዛን ይሠራል፤ በግራም እንጨት ፋንታ ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደፈጀ ይቆጠራል።

እስከዚያው ድረስ በዚህ ቆላ ለሚሸጥም ሆነ ለሚታደል ምድጃ ሁሉ ቁጥሩ ተለክቶ ጎኑ ላይ ቢጻፍ እላለሁ። የሚለካውም አዲስ አበባ ውስጥ በጤፍ ሊጥና በባሕር ዛፍ ፍልጥ ሳይሆን፣ እዚያው ጋጋሪዋ በምታቦካው የማሽላ ሊጥ፣ በምትለቅመው ግራርና በሰሊጥ አገዳ መሆን አለበት። የሰሊጥ አገዳ ቦግ ብሎ ቶሎ የሚያልቅ ነው፤ አንድ ምድጃ ለፍልጥ እንጨት የሰጠውን ውጤት ለአገዳ ላይደግመው ይችላል።