ወታደሩ ወደ ማሳው ሲመለስ

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወደቀ። ሠራዊቱም ተበተነ። ከ450,000 በላይ ወታደሮች ያለ ሥራና ያለ ደመወዝ ቀሩ። ከእነሱ ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ። መሣሪያቸውን ጥለው በእግር ወደ አገራቸው የተጓዙ አሉ። ሱዳን የገቡም አሉ።

እንዴት ወታደር ሆኑ? በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ታወጀ። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ስድስት ወር ይሠልጥን፣ ሁለት ዓመት ያገልግል ተባለ። በገጠር ልጆቹን መርጦ የሚልከው የቀበሌው ገበሬ ማኅበር ነበር። ሁለቱ ዓመት አልፎም ያልተመለሰው ብዙ ነው።

በ1983 ዓ.ም. እነዚህን ሰዎች የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ተመላሹ ካምፕ ገባ፤ ተመዘገበ፤ መታወቂያ ወረቀት ተቀበለ። ከዚያ ወደ ቀበሌው ተሸኘ። የወራት ቀለብ ተሰጠው። ለገጠሩ ሰው የእርሻ መሣሪያና ዘር፣ ለአንዳንዱም በሬ ታደለ።

መሬቱን ግን ያገኘው ከመንደሩ ነው። ነገሩ የከበደው እዚህ ላይ ነው። መሬት እንደ ልጅ አይወለድ! ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው ይቀነሳል፤ ወይም ከግጦሹ ይቆረሳል። ትናንት ልጁን መርጦ የላከው መንደር፣ ዛሬ ጥማድ መሬት ቆርሶ ይቀበለዋል። እኛ ስናስበው ይህ ዕዳ ነው እንጂ ችሮታ አይደለም።

ባሏ የዘመተባት ሴት መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ነው የቆየችው። ባልየው ሲመጣ አራሹ ሌላ ሰው ነው። ልጁም አያውቀውም፤ እንግዳ መጣ ብሎ እናቱ ጀርባ ይደበቃል። በሬውም አንድ ብቻ ቢሆን ምን ይደረግ? አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል። እንዲህ እያሉ ብዙዎች ቤት አቆሙ።

የማይታየውም ጉዳት አለ። በማታ ትምህርታችን የሚቀመጡ አንድ አባት የዚያ ሠራዊት ወታደር ነበሩ። ከተመለሱ በኋላ ስንት ዓመት ሌሊት እየባነኑ ይነሡ እንደነበር አጫውተውናል። ጥይት ለሠርግ ሲተኮስ እንኳ መሬት ላይ ይተኙ ነበር። ባለቤታቸው ሲቀሰቅሷቸው በእጅ አይነኳቸውም፤ ራቅ ብለው በስማቸው ይጠሯቸዋል። ይህን ዘዴ ያስተማራቸው ሰው የለም። ዛር ነው ያላቸው ነበር፤ ፈሪ ያላቸውም ነበር። ፈሪ አይደሉም። ጦርነት ያየ ሰው በየትም አገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሞችም በሽታ መሆኑን ያውቁታል። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጠበል መሄዱን ማንም አይከለክለውም፤ ጤና ጣቢያውንም አይተው።

ከዚያ ወዲህም ጦርነት አልቀረም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ተዋጋን፤ ከዚያም በኋላ እልፍ ወታደር ወደ ቤቱ ተሸኘ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በትግራይ ተዋጊዎች መሣሪያ እያስረከቡ ወደ ቤት መግባት ጀመሩ።

እጁን በጦርነት ያጣ ሰው እንዴት ያርሳል? አንድ እጅ እርፍ ይይዛል፤ ሌላው ጅራፍ። ባንድ እጅ ሁለቱ አይሆኑም። እኛ ባለንበት ቀበሌ እንዲህ ያሉ አንድ ሰው አሉ። እርፉን ልጃቸው ይይዛል፤ እሳቸው ከኋላ ዘር ይበትናሉ። የማሳው ልክ ስንት ቁና ዘር እንደሚፈልግ ከመንደሩ አጥርተው የሚያውቁ እሳቸው ናቸው፤ ሰዉም በዘር ወራት እየመጣ ይጠይቃቸዋል።