ስለ ተንቀሳቃሽ የጠፈር ጣቢያ ጨዋታና ስለ መለዋወጫ ጉዳይ

የወፍጮ ሞተር ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ዋጋውን ከመስማማቱ አስቀድሞ መለዋወጫው ከማን ዘንድ እንደሚገኝ ይጠይቃል። ይኸው ጥያቄ በእጅ በማይዳሰስ ሸቀጥም ላይ የሚነሣ መሆኑን ለማስረዳት ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ይህን ጨዋታ መቀመጫው በሜክሲኮ ሲቲ የነበረው ስኳድ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ አቀረበው፤ የተሟላው እትም እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ቴክ ቱ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። ተጫዋቹ ልዩ ልዩ ክፍሎችን ገጣጥሞ ከርቢን በምትባል ምናባዊ ፕላኔት ዙሪያ የጠፈር ጣቢያ ይሠራል። ጣቢያ ይባል እንጂ አንድ ስፍራ ቆሞ አይገኝም፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በየሴኮንዱ 2 ኪሎ ሜትር ከሩብ ያህል እየተጓዘ ፕላኔቷን በ33 ደቂቃ ገደማ ይዞራታል። ስለዚህ ጭነት የሚያደርሰው መንኮራኩር ከጣቢያው ጋር ለመጋጠም ፍጥነቱን ከጣቢያው ፍጥነት ጋር ማስተካከል ግዴታው ነው።

የጨዋታው ሠሪዎች የእያንዳንዱን ክፍል መግለጫ ማንም ሊያነበውና ሊያርመው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል አኖሩት። በዚህም ፋይል የክፍሉ ክብደት፥ ዋጋ፥ የሚይዘው ሰው ብዛትና ከሌላው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህም የተነሣ ደንበኞች ራሳቸው አዳዲስ የመኖሪያ ክፍሎች፥ የነዳጅ ታንኮችና የመጋጠሚያ በሮች እየሠሩ ለሌሎች በነጻ ማደል ጀመሩ። ሞድ የሚባለው ይህ ነው። ኩባንያውም ከዚህ ተጠቅሟል፤ ስፔስፕሌን ፕላስ የተባለውን የደንበኞች ሥራ እ.ኤ.አ. በ2014 በራሱ እትም ውስጥ አግብቶታል።

ነገር ግን ጥቅሙ ያለ ሥጋት አይደለም። ጨዋታው በሚከፈትበት ጊዜ ጣቢያው ከተሠራባቸው ክፍሎች አንዱ እንኳ ከኮምፒዩተሩ ላይ የጎደለ እንደ ሆነ ጣቢያው በሙሉ ይሰረዛል። ብዙ ቀን የተደከመበት ሥራ በአንዲት በር መጥፋት ምክንያት ከንቱ ይቀራል። ዋናው ጨዋታ በታደሰ ቁጥር ሞዱም መታደስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ሠሪው ግን ዋጋ የማይቀበል በጎ ፈቃደኛ ስለሆነ ሥራውን ቢተው የሚጠይቀው የለም። ሌላ ሰው ሥራውን ሊቀጥልለት የሚችለውም ከሞዱ ጋር የተሰጠው የፈቃድ ጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ስለሆነም አስተዋይ ተጫዋች ጨዋታውን ከማሳደሱ በፊት ቅጂውን ለብቻ ያስቀምጣል፤ የፈቃዱን ጽሑፍ ያነባል፤ ለአንድ ጣቢያ የሚጠቀምባቸውንም ሞዶች ጥቂት ያደርጋል።

ለሱቁ የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም ገዝቶ ከሌላ ሠሪ የተገኘ ተጨማሪ ክፍል የሚያስገባ ነጋዴም እነዚህኑ ሦስት ጥንቃቄዎች ቢያደርግ ይበጀዋል። ዕቃ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የአቅራቢውን ጽናት አብሮ ይገዛልና።