አምስት ደቂቃ ለእንግዳ ተጫዋች፦ በትርፍ ጊዜ የተሠራ የቪዲዮ ጨዋታን ከቦንጋ ወደ ዐውደ ርእይ ማድረስ

በትርፍ ጊዜው የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ሥራውን ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ብቻውን እያየው ይኖራል። የትኛው ቁልፍ እንደሚያዘልል፣ የትኛው ድምፅ አደጋ እንደሚያመለክት፣ የትኛው መንገድ እንደማያስወጣ ጠንቅቆ ያውቃል። ይህ ዕውቀት የተቀመጠው በጨዋታው ውስጥ ሳይሆን በራሱ ጭንቅላት ውስጥ መሆኑን የሚረዳው ግን ሥራውን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው መቆጣጠሪያውን ሲጨብጥ ነው። የጨዋታ ዐውደ ርእይ ይህ አጋጣሚ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚከሠትበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ለዐውደ ርእይ መዘጋጀት ማለት ያለውን ጨዋታ ማሳጠርና መወልወል ብቻ አይደለም። ሠሪው አንድ ቃል ሳይናገር እንግዳ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚገባውን ሌላ ሥራ መሥራት ነው።

ጉዳዩ ከቦንጋ ለሚነሣ ሠሪ ተጨማሪ ክብደት አለው። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ኮምፒውተርና ስክሪን ጭኖ መጓዝ፣ ማደሪያ መክፈልና ከመደበኛ ሥራ ፈቃድ መውሰድ የግል ቁጠባን የሚነካ ወጪ ነው፤ ወደ ውጭ አገር ሲሆን ቪዛና የውጭ ምንዛሪ ይጨመርበታል። በርሊን የሚኖር ሠሪ ዛሬ ያልተሳካለትን ማሳያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሌላ መድረክ ሊያርመው ይችላል። የቦንጋው ሠሪ በዓመት አንድ ዕድል ካገኘ ብዙ ነው። እንግዲህ ስሕተቱን ማግኘትና ማረም ያለበት ከጉዞው በፊት ነው።

ለመድረክ የተሠሩ ጨዋታዎች

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የተጀመረው ፓክስና ከ2009 ጀምሮ በጀርመኗ ኮሎኝ የሚካሄደው ጌምስኮም በዓለም ላይ ከታወቁት የጨዋታ ዐውደ ርእዮች መካከል ናቸው። ጌምስኮም በ2023 ብቻ 320,000 ያህል ጎብኚዎችን አስተናግዷል። በእንዲህ ያለ ግርግር ውስጥ አንድ ጎብኚ ከአንድ ጠረጴዛ ፊት የሚያቆመው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ከመነሻቸው ለመድረክ የታሰቡ ሥራዎችን መመልከት ይጠቅማል።

የማርክ ኤሰን ኒድሆግ እ.ኤ.አ. በ2010 ለኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጨዋታ ማዕከል ዐውደ ርእይ ተብሎ የተሠራ ሲሆን ለሽያጭ የቀረበው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሁለት ሰይፈኞች ይፋለማሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ሰብሮ ለማለፍ ይጥራል። ከኋላ ቆሞ የሚመለከት ሰው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ማን እያሸነፈ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ተራውም ሲደርሰው ማብራሪያ አይሻም። የዳግላስ ዊልሰን ዮሐን ሰባስቲያን ጆውስት ደግሞ ከናካቴው ስክሪን የለውም። ተጫዋቾች እንቅስቃሴን የሚለካ መቆጣጠሪያ ይዘው ይቆማሉ፤ የባኽ ሙዚቃ ሲዘገይ በዝግታ፣ ሲፈጥን በፍጥነት እየተንቀሳቀሱ የሌላውን እጅ ለማናወጥ ይሞክራሉ። በሁለቱም ሥራዎች ተመልካቹ ገና ሳይጫወት መማር ጀምሯል።

ይህ ባሕርይ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። በየከተማው ባሉት ጌም ቤቶች የእግር ኳስ ጨዋታ በግጥሚያ እየተከፈለ ይካሄዳል፤ ተሸናፊው ወንበሩን ይለቃል፣ ከኋላ የቆሙት ይመክራሉ፣ ይሳለቃሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ። ገበጣም ቢሆን በዙሪያው አስተያየት ሰጪ የማያጣ ጨዋታ ነው። ሆኖም ገበጣን በስክሪን ላይ ይዞ ለሚቀርብ ሰው አንድ ወጥመድ አለበት። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከ100 በላይ የገበጣና መሰል ጨዋታዎችን መዝግቧል። ስለዚህ ከሌላ አካባቢ የመጣ ጎብኚ «እንዲህ አይደለም የሚጫወተው» ማለቱ አይቀርም። በስክሪኑ ጥግ ላይ የየትኛው አካባቢ ሕግ እንደ ተመረጠ አንድ መስመር መጻፍ ብዙ ክርክር ያስቀራል፤ ክርክሩም ራሱ ለተመራማሪ ጠቃሚ መረጃ ስለሆነ በማስታወሻ ሊያዝ ይገባዋል።

በአገር ውስጥ ይበልጥ የታወቀው ምሳሌ የቅኔ ጌምስ ኩኩሉ ነው። ይህ ከአሳዳጅ የምታመልጥ ዶሮን የሚያሳይ የስልክ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2018 የአፕስ አፍሪካ ሽልማት አግኝቷል። ያው ድርጅት ገበጣንም በስልክ አቅርቧል። የኩኩሉ ብልሃት በበዓል ዋዜማ ዶሮ ሲያባርር ያደገ ሰው ሁሉ ታሪኩን አስቀድሞ ማወቁ ነው። ዶሮዋ ለምን እንደምትሮጥ የሚገልጽ ጽሑፍ አያስፈልግም። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ኦሪየን በአፍሪካ አፈ ታሪኮች ላይ የተመሠረተ ሰፊ ዓለም ያለው ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ጨዋታ በአምስት ደቂቃ ለማሳየት የሚሞክር ሰው ምን መተው እንዳለበት መወሰኑ እጅግ ይከብደዋል።

ምን ይቅር?

በካፋ የቡና ደን ውስጥ የሚካሄድ ጨዋታ ይታሰብ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በሰውና ባዮስፌር መዝገብ ካሰፈረው ከዚህ ደን የሚነሣ ሠሪ የሚናገረው ሞልቶታል፤ የካፋ መንግሥት ታሪክ፣ የዱር ቡናው፣ ማሩ፣ አቦል፣ ቶናና በረካው ሁሉ እንዲታይለት ይፈልጋል። ይህ ፍላጎት የሚያስከብር ቢሆንም በመድረክ ላይ ሥራውን ይጎዳል። ጎብኚው መግቢያውን ሲያነብ አምስት ደቂቃው ያልቃል። ከጨዋታው ውስጥ እጅ የሚሠራው አንድ ነገር ተመርጦ ይውጣ፤ ለምሳሌ ቀዩን ፍሬ መልቀም፣ አረንጓዴውን መተው። ታሪኩ ከዚህ ድርጊት ጋር ተጣብቆ የሚመጣውን ያህል ይምጣ፣ የቀረው በሙሉው ሥራ ውስጥ ይጠብቅ።

ይህ ቀላል ሕግ እንኳ መፈተሽ አለበት። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ በየትኛውም ሕዝብ ውስጥ አሉ። ለእነርሱ ሁለቱ ፍሬዎች አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። የበሰለው ፍሬ ገፋ ያለ መጠን ወይም የተለየ ድምቀት ቢሰጠው ችግሩ ይቃለላል። ሠሪው ይህን ካላሰበ ተጫዋቹ «አይሆንልኝም» ብሎ ይነሣል፤ ምክንያቱንም ሁለቱም አያውቁትም።

መግቢያውን በመቁረጥ የማይድኑ ሥራዎችም አሉ። ረጅም ንግግር ወይም ቀስ ብሎ የሚገነባ ስሜት ያለው ጨዋታ በጫጫታ መካከል የሚታይ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሥራ ከመሐሉ አንድ ትዕይንት ነጥሎ በጆሮ ማዳመጫ ማቅረብ፣ ካልሆነም ለዐውደ ርእይ አለመውሰድ ይሻላል።

ፊደልና ቋንቋ

ከቦንጋ የሚወጣ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቋንቋ ይነካል። አማርኛው በግእዝ ፊደል፣ ካፊ ኖኖው በላቲን ፊደል ይጻፋል። በላቲን ፊደል አንድ ክፍለ ቃል ሁለት ወይም ሦስት ሆሄ ስለሚወስድ በአማርኛ ተለክቶ የተሠራ አዝራር ለካፊ ኖኖ ሊጠብ ይችላል። በሌላ በኩል ግእዝ ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለውም፤ ማስጠንቀቂያን በትልልቅ ሆሄ አጉልቶ መጻፍ ስለማይቻል አጉልቶ ማሳየት በቀለም ወይም በመጠን መሆን አለበት። «በ» እና «ቡ» የሚለያዩትም በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። ሠሪው ከስክሪኑ አንድ ክንድ ርቆ በግልጽ ያነበበው ጽሑፍ ከኋላ ለቆመ ተመልካች ጭረቱን ያጣል።

የቴክኒኩ ችግር ከዚህ የባሰ ሊያሳፍር ይችላል። በዩኒቲ የሚሠራ ሰው የሚጠቀምበት ቴክስትሜሽ ፕሮ አብሮት የሚመጣው ሊበሬሽን ሳንስ የግእዝ ፊደላት የሉትም። ተስማሚ የፊደል ፋይል፣ ለምሳሌ በነጻ የሚገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ተጨምሮ በዩኒኮድ ለኢትዮጵያ ፊደል ከተመደቡት 384 የዋናው ክፍል ቦታዎች ጨዋታው የሚፈልጋቸው ሁሉ መካተት አለባቸው። አደገኛው ሁኔታ ጽሑፉ በሠሪው ኮምፒውተር ላይ በትክክል የሚታይበት ነው። ኮምፒውተሩ የጎደለውን ፊደል ከራሱ ክምችት ተክቶ ሊሆን ይችላል። በተውሶ ማሽን ላይ ሲከፈት በየቃሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ስለዚህ የማሳያው ቅጂ ከመንገድ በፊት ቢያንስ በአንድ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ሊከፈት ይገባል።

የመጀመሪያው ዐውደ ርእይ

ቅጂው የሚፈተንበት ቦታ ሩቅ አይደለም። አንድ ጌም ቤት ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ፣ የሰዓቱን ሒሳብ ከፍሎ መከራየት ይቻላል። ጌም ቤት የሚያዘወትሩ ወጣቶች ግን እጃቸው የሠለጠነ በመሆኑ የእነርሱ ፍርድ ብቻውን ያሳስታል። መቆጣጠሪያ ነክቶ የማያውቅ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ወይም ልጁን ሊፈልግ የመጣ ወላጅ የሚሰናከልበት ቦታ ሌላ ነው።

በፈተናው ከባዱ ሥራ ዝም ማለት ነው። ተጫዋቹ «አሁን ምን ላድርግ?» ሲል የሠሪው አፍ ለመልስ ይከፈታል። መልሱ «እስኪ ይሞክሩት» ከመሆን አልፎ መሄድ የለበትም፤ ጥያቄው ግን ከነሰዓቱ ይጻፍ። አንድ ጥያቄ ከሁለተኛ ሰው አፍ ከወጣ ጉድለቱ የጨዋታው እንጂ የሰው አይደለም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች መቼ እንደ ጀመረ፣ የት እንደ ተሸነፈ፣ መቼ እንዳቆመና ለማቆም ምክንያት የሆነው ምን እንደ ነበር መመዝገብ በቂ ነው። ከተጫወቱ በኋላ «ወደዱት?» ብሎ መጠየቅ በአገራችን ጨዋነት ብዙም አያስተምርም፤ እንግዳ ፊት ለፊት «አልወደድሁትም» የሚል ጥቂት ነው።

ከዚህ የሚገኘው መረጃ ቅጂውን ያስተካክላል። ለአንድ ተጫዋች ከታሰበው ጊዜ ሲያልፍ ወይም ወንበሩ ባዶ ሲሆን ጨዋታው በራሱ ወደ መጀመሪያው መመለስ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ቀጣዩ ጎብኚ ሌላው ጥሎት በሄደው የተሸነፈ ጨዋታ ላይ ይቀመጣል። ማንም ሳይጫወት ሲቀር ጨዋታው ራሱን እየተጫወተ እንዲያሳይ ማድረግ ከጥንቱ የሳንቲም ማሽኖች የተወረሰ ዘዴ ነው። መብራት ቢቋረጥ በጥቂት ሴኮንድ እንደገና የሚነሣ መሆኑም ይታይ፤ በዚህ ረገድ መብራት መጥፋትን የለመደ ሠሪ ከሌላው ይልቅ አስቀድሞ የሚያስብ ነው። የዊንዶውስ ማሻሻያ መዘጋት፣ ቅጂው በሁለት ፍላሽ መያዝ፣ ትርፍ መቆጣጠሪያና ገመድ መታሸግ አለበት።

በጠረጴዛው ዙሪያ

አንድ ሰው ብቻውን ጠረጴዛ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሊቆም አይችልም። ሁለት ሰዎች ቢያንስ ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ከጎብኚ ጋር ይነጋገራል፣ ሌላው ይመለከታል፣ ይመዘግባል። ከካፋ የመጣ ሰው ቡና አፍልቶ ጎብኚ ለመሳብ መመኘቱ አይገርምም። በአዳራሽ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ብዙውን ጊዜ ክልክል ነው፤ ቢፈቀድም ለቡናው የቆመው ለጨዋታው ከቆመው ጋር ይቀላቀላል። የተሰበሰበው ሰው ብዛት ደስ ያሰኛል፣ ስለ ጨዋታው ግን የሚናገረው ትንሽ ነው።

ዐውደ ርእይን እንደ ጥናት ስፍራ የሚጠቀም ተመራማሪ ይህን ገደብ በሌላም መልኩ ያገኘዋል። ወደ አዳራሹ የሚመጣው ሰው አስቀድሞ ለጨዋታ ፍላጎት ያለው ነው፤ ከኋላ ቆሞ ያየ ሰው ደግሞ ሲቀመጥ ጀማሪ አይደለም። በማለዳ የመጣውና ከሰዓት በኋላ በተመልካች ተከቦ የተጫወተው በአንድ ሰንጠረዥ ቢደመሩ ውጤቱ ጨዋታው በቀኑ መጨረሻ የቀለለ ያስመስላል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «ከመጫወቱ በፊት ሲመለከት ነበር ወይ?» የምትል አንዲት ዓምድ ታስፈልጋለች። ሕፃናት ሲጫወቱ የወላጅ ፈቃድ፣ ምስል ሲቀረጽ የሁሉም ፈቃድ ይጠየቃል።

ጉዞው የማይቻል ሲሆን ስቲም በበይነ መረብ የሚያዘጋጀው ኔክስት ፌስት አለ፤ የማሳያ ቅጂ ለተወሰኑ ቀናት ለዓለም ተጫዋች ይቀርብበታል። በስቲም ጨዋታ ለማስመዝገብ 100 ዶላር ይከፈላል፤ ለኢትዮጵያዊ ሠሪ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ በውጭ ምንዛሪ የመክፈያ መንገድ ማግኘቱ ሊከብደው ይችላል። አንድ ጨዋታ በዚህ መድረክ የሚሳተፈው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ያልተፈተነ ቅጂ ማስገባት ዕድሉን ማባከን ነው። በዚያ የተጫዋቹ ፊት አይታይም፤ የት እንደ ቆመ እንጂ ለምን እንደ ቆመ የሚያሳይ ቁጥር የለም። በቦንጋ ጌም ቤት የተያዘው ማስታወሻ ከነዚያ ቁጥሮች አጠገብ ተዘርግቶ ሊነበብ የሚገባውም ለዚህ ነው።