ከመተማ ወደ ጎንደር የመጣው ዓሣ ለምን ተንሳፈፈ?

በመስታወት ገንዳ ትልልቅ ዓሣ የሚያሳድግን ሰው ከሁሉም ይበልጥ የሚያስደነግጠው፣ ዓሣው በጎኑ ተጋድሞ ወይም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲንሳፈፍ ማየት ነው። አሳዳጊዎች ይህን የአየር ፊኛ ሕመም ይሉታል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ስለ ዓሣ ሕክምና ለመጻፍ የተነሣነው፣ አንድ ጊዜ ባለማወቅ አንድ ዓሣ ገድለን፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ሕግ ሌላውን ስላተረፍን ነው።

በአብዛኞቹ አጥንታም ዓሣዎች ሆድ ውስጥ፣ ከጀርባ አጥንት ሥር፣ ጋዝ የያዘ ከረጢት ይገኛል። በወንዝና በሐይቅ ዓሣዎች ዘንድ ይዘቱ ከጠቅላላው የሰውነት ይዘት 7 በመቶ ያህል ነው። ሥጋና አጥንት ከውኃ ስለሚከብዱ፣ ያለዚህ ከረጢት ዓሣው ያለ ዕረፍት ካልዋኘ ይሰምጣል። ከረጢቱ ሲኖር ግን የሰውነቱ ጥግግት ከውኃው ጋር ይስተካከልና ባለበት ጥልቀት ያለ ድካም ይቆማል። ችግሩ ጋዝ የግፊት ተገዢ መሆኑ ነው። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 እንዳስታወቀው፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ የጋዝ ይዘት ግፊቱ በቀነሰ መጠን ይጨምራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመጋቢት ወር፣ የገንዳ ውኃ አካባቢ ተወላጅ የሆነ ተማሪያችን ከጓንግ ወንዝ የተያዙ ሦስት ዓሣዎች በጀሪካን ይዞልን መጣ። አንዱ አምባዛ፣ አንዱ ቢልጫ፣ አንዱ ደግሞ 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቆሮሶ ነበር። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ጓንግም ሆነ ሽንፋ በበጋ ፍሰታቸው ይቋረጥና በየቦታው ኩሬ ብቻ ይቀራል፤ ዓሣውም በዚያ ይከማቻል። (በኩሬ የታጎረን ዓሣ መያዝ በዚያ ምድር ጥንታዊ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ74,000 ዓመታት በፊት የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን በሽንፋ ዳር የነበሩ ሰዎች ዓሣን በብዛት መመገባቸውን ከተገኙት አጥንቶች አሳይቷል።)

ሦስቱንም በአንድ ገንዳ አኖርናቸው። አምባዛው ወደ ታች ወርዶ ተኛ፤ ቢልጫው ጥቂት አረፋ ከአፉ ተፍቶ መዋኘት ጀመረ። ቆሮሶው ግን ጭራው ወደ ላይ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ፣ ለመውረድ እየታገለ ተመልሶ ይንሳፈፍ ነበር። ጀርባውም ከውኃው ወጥቶ ይደርቅ ጀመር። አንድ ሰው «ሆዱ አየር ሞልቷል፤ በመርፌ አውጡለት» አለን። እኛም የት እንደምንወጋ በቅጡ ሳናውቅ ወጋነው። አየሩ ወጣ፤ ዓሣውም ሰመጠ። በአራተኛው ቀን ቁስሉ አመርቅዞ ሞተ።

ስሌቱን የሠራነው ከሞተ በኋላ ነው፤ የሚያሳፍረንም ይኸው ነው። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናቸው። በመደበኛው የከባቢ አየር ቀመር የመተማ የአየር ግፊት 93 ኪሎ ፓስካል፣ የጎንደር 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ በጭልጋ በኩል ሽቅብ በተጓዘው መኪና ላይ፣ በዓሣው ሆድ ያለው ጋዝ በ19 በመቶ ያህል ለመስፋት ይገደዳል። የውኃው ሙቀት ከ30 ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ጋዙ 3 በመቶ ያህል ስለሚኮማተር፣ የተጣራው ጭማሪ 15 በመቶ ገደማ ነው። የፊኛውና የሆዱ ግድግዳ ጥቂት ይቋቋማሉ፤ እርሱን ለጊዜው እንተወው። የ1 ኪሎ ግራም ዓሣ ፊኛ 70 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ ጭማሪው 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህም 10 ግራም የሚያህል ሽቅብ ኃይል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዓሣው ቀንና ሌሊት በክንፉ ሊገፋው የሚገባ 10 ግራም ነው።

ሌሎቹስ ለምን ዳኑ? ቢልጫ ፊኛውን ከጉሮሮው ጋር የሚያገናኝ ቱቦ አለው፤ የተረፈውን ጋዝ በአፉ ያስወጣል። የአምባዛ ፊኛ እጅግ ትንሽና በአጥንት ሽፋን የተከበበ በመሆኑ ለመንሳፈፍ አይረዳውም፤ ስለዚህም አያስቸግረውም። ቆሮሶ ግን በጎለመሰ ዕድሜው ቱቦ የለውም። ትርፉን ጋዝ ማስወገድ የሚችለው ቀስ በቀስ ወደ ደሙ በማስገባት ብቻ ነው፤ ይህም ሰዓታት ይፈጃል። ዓሣችን የታመመ ሳይሆን ጊዜ ያጣ ነበር ማለት ነው።

በተከታዩ ዓመት ሌላ ቆሮሶ እንደዚያው ተንሳፍፎ ሲደርሰን መርፌ አላነሣንም። 1 ሜትር ውኃ 10 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ሙቀቱ ከረዳን፣ መተማን በጎንደር ለመፍጠር 1.2 ሜትር ጥልቀት ይበቃል። የመስታወት ገንዳችን 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበርና ከግቢው አንድ ሮቶ ለምነን ሞላነው። ዓሣው ራሱ መውረድ ስለማይችል ሰፊ ቅርጫት ውስጥ አስገብተን፣ ድንጋይ አስረን በገመድ አወረድነው፤ ውኃውንም በአየር መንፊያ አናፈስነው። ከጥልቅ ባሕር የተያዘን ዓሣ ወደ ባሕሩ የሚመልሱ አጥማጆችም ክብደት አስረው ወደ ታች ያወርዱታል። ከወረደ በኋላ ሚዛኑን ጠብቆ ቆመ። ከዚያ በየ6 ሰዓቱ ገመዱን 20 ሴንቲ ሜትር እየሳብን፣ በአንድ ቀን ተኩል ወደ ላይ አደረስነው።

ውድ አንባብያን፣ የሚንሳፈፍ ዓሣ ሁሉ ከቆላ የመጣ ነው አላልንም። ለወራት በአንድ ገንዳ የኖረ ትልቅ ዓሣ በድንገት ቢንሳፈፍ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ውኃው ነው፤ አሞኒያውና ሙቀቱ። ቀጥሎ ምግቡ ይታይ። ደረቅ ምግብ ከውኃው ወለል ሲለቅም አየር የዋጠ ወይም ሆዱ የደረቀ ዓሣ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቢጾም ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። አትክልት ለሚበሉት የተቀቀለና የተላጠ አተር መስጠት የተለመደ ነው፤ ሥጋ በል ለሆኑት ግን አይመከርም። ከውኃ የወጣው ቆዳ እንዳይቆስል እርጥብ ሆኖ መጠበቅ አለበት። በተቃራኒው የሰመጠ ዓሣ ሆዱ እንዳይላጥ የገንዳው ወለል ከጠጠር ይጽዳ፤ ውኃውም ዝቅ ይበል። ፊኛው በባክቴሪያ ተመርዞ፣ ወይም በዕጢ ተገፍቶ እንደሆነ የሚለየው በራጅ ነው። በመርፌ ጋዝ ማውጣትም የእንስሳት ሐኪም፣ በራጅ የፊኛውን ቦታ አይቶ፣ ዓሣውን አደንዝዞ የሚሠራው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ቆሮሶ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ከእኛ ጋር ኖረ። ተማሪው ወደ ጓንግ ልመልሰው ብሎ ሲጠይቀን ስሌቱን ገልብጦ እንዲሠራ አዘዝነው። ቁልቁል ሲወርድ ፊኛው ይኮማተራል፤ ዓሣውም ይከብዳል። ጋዙን ከደሙ መልሶ ለመሙላት ደግሞ ከማስወገዱ የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ተማሪው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ በቅርጫት ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሮ እንደሚለቀው ጽፎ አመጣልን።