ሐምራዊው ኦፓል ከየት መጣ?

ለቀለበት ወይም ለአንገት ጌጥ የከበረ ድንጋይ የሚመርጡ እጮኞች በመካከላችሁ አይጠፉም። ዛሬ ብርቅ እየተባለ ስለተሸጠ አንድ ሐምራዊ ድንጋይ እንነግራችኋለን።

ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ ይዞ ጋሸና የደረሰ ሰው፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ቢታጠፍ ደላንታ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወገል ጤና አካባቢ ገደል ውስጥ የተገኘው ኦፓል ዛሬ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። የተገኘበት አለት ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ነው። በአለቱ ውስጥ የሰረገው ውሃ ሲሊካ የተባለውን ማዕድን አሟሙቶ ወሰደ፤ ሲሊካውም በየክፍተቱ በዓይን የማይታዩ ድቡልቡል ቅንጣቶች ሆኖ ተደረደረ። ድንጋዩ እንደ ቀስተ ደመና የሚያበራው ብርሃን በእነዚህ ቅንጣቶች መካከል ሲያልፍ ነው።

የደላንታው ኦፓል አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ይጠማል። ውሃ ውስጥ ቢነከር ይጠጣል፣ ብርጭቆ መስሎ ይጠራል፤ ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። (ችኩል ባለቤት ተበላሸ ብሎ እንዳይጥለው!)

ለአታላዮች በር የከፈተውም ይኸው ጥማቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ፣ ከሜክሲኮ የመጣ ነው የተባለ ሐምራዊ ኦፓል በውጭ ገበያ ታየ። ጂ.አይ.ኤ. በተባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ባለሙያዎች ሲመረምሩት ሐምራዊነቱ ድንጋዩ የጠጣው ማቅለሚያ ሆኖ ተገኘ። ጠባዩም ከወሎው ኦፓል ጋር ገጠመ። የእኛው ድንጋይ አገሩም ቀለሙም ተለውጦ ገበያ ወጥቷል ማለት ነው! በ2016 ዓ.ም. በደላንታ ዋሻ ተደርምሶ ወጣት ቆፋሪዎች በውስጡ እንደተዘጋባቸው ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም።

በዘጸአት 28 በሊቀ ካህኑ የደረት ኪስ ላይ፣ በራእይ 21 ደግሞ በቅድስቲቱ ከተማ መሠረት የተጠቀሰው አሜቴስጢኖስ ግን ሌላ ነው። ዛሬ በዚህ ስም የሚታወቀው ድንጋይ ኳርትዝ ሲሆን፣ ሐምራዊነቱን ያገኘው በውስጡ ካለው ጥቂት ብረትና ከተፈጥሮ ጨረር ነው። ውሃም አይጠጣም።

ስለዚህ ሐምራዊ ኦፓል ሲቀርብላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቀለም ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ለባለሙያ አሳዩት። የደላንታ ኦፓል ያለበትን ቀለበት ያደረጋችሁም ዕቃና ልብስ ስታጥቡ አውልቁት፤ ቅባትና ሽቶም አታስነኩት፤ ከውሃው ጋር የመጣውን ሁሉ ይጠጣልና።