የመጨረሻዋ ማዕዘን

በመቀሌ ከተማ ወደ ብዙው ቤት ቢገባ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይታያል። አንዱ የሠርግ ነው፤ ሌላው ጥቁር ካባ ለብሶ ዲግሪ የተቀበለ ልጅ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከተደረገው ጦርነት ወዲህ ደግሞ፣ ካልተመለሰው ወንድም ወይም ከሞተው አባት መልክ በቀር ምንም ያልቀረበት ቤት ጥቂት አይደለም። ይህን ሁሉ ጠብቆ የሚይዘው አራት ቁራጭ እንጨት፣ ይኸውም ብዙ ሰው ፍሬም የሚለው ክፈፍ ነው። የክፈፍ ኃይሉ ደግሞ በማዕዘኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህች ማዕዘን ጥቂት ብንል አንባቢዎቻችን አይጠሉብንም ብለን እናምናለን።

በማዕዘን ነገር የተጠበቡት የአገራችን ሰዎች ዛሬ የተነሡ አይደሉም። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በበሩና በመስኮቱ ክፈፍ ማዕዘን ላይ የእንጨቱ ራስ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ይህንኑ አሠራር የአክሱም ጠራቢዎች በሐውልቶቻቸው ላይ በድንጋይ ቀርጸውታል። የጥንቱ አናጢ ማዕዘኑን አልደበቀም፤ አጉልቶ አሳየ እንጂ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ብዙ ጊዜ የሥዕሉን ገበታና ጠርዙን ከአንድ ሳንቃ ጠርበው ስለሚያወጡ የመጋጠሚያ ችግር አልነበረባቸውም። በመቀሌም በ1870ዎቹ ዓመታት የአፄ ዮሐንስ 4ኛን ቤተ መንግሥት የሠራውና ዙፋናቸውንም ያበጀው ኢጣሊያዊው ናሬቲ በሙያው አናጢ ነበር። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥት ያከበሩትን ሙያ የተማረ ወጣት ሊንቀው አይገባም።

የዛሬው ክፈፍ ግን መጋጠሚያውን ይደብቃል። የእያንዳንዱ እንጨት ጫፍ በ45 ዲግሪ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ 90 ዲግሪ ይሆናሉ፤ ጌጡም ሳይቋረጥ ማዕዘኑን ዞሮ ይሄዳል። ለዓይን ያማረ ነው፤ ጉልበቱ ግን ደካማ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። ለአንድ ክፈፍ 8 ጊዜ ይቆረጣል። መጋዙ በእያንዳንዱ ቆረጣ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ወደ አንድ ወገን ቢስት ስሕተቱ ተደምሮ 4 ዲግሪ ይሆናል። ሦስቱ ማዕዘኖች አጥብቀው ይገጥማሉ፤ ዕዳው ሁሉ የሚከፈለው በአራተኛይቱ ነው። ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር በሆነ እንጨት ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል አፏን ትከፍታለች። መዝገብ ለያዘ ወጣት ሠራተኛም ይህ ሒሳብ እንግዳ አይሆንበትም። ስለሆነም ጥንቁቅ አናጢ መጋዙን የሚመራ ስንጥቅ ባለው የእንጨት ሣጥን ይቆርጣል፤ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ጎኖችም ጎን ለጎን አስተያይቶ ርዝመታቸውን እኩል ያደርጋል። ርዝመታቸው ከተበላለጠ ዲግሪው ልክ ቢሆን እንኳ ማዕዘኑ አይዘጋም።

ሁለተኛው ችግር የኮላ ነው። እንጨት እንደ ገለባ ነዶ በርዝመቱ በቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው። በሰያፍ ሲቆረጥ የቱቦዎቹ አፍ ስለሚከፈት ኮላውን ይጠጡትና በመጋጠሚያው ላይ የሚቀረው ጥቂት ይሆናል። መድኃኒቱ አስቀድሞ ስስ ኮላ ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ከዚያም ዳግመኛ ቀብቶ ዙሪያውን በገመድ አስሮ ማጥበቅ ነው። ኮላው ሳይደርቅ ክፈፉ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ይለካል፤ ጎኖቹ እኩል ሆነው ሁለቱ ልኮችም እኩል ከሆኑ ማዕዘኖቹ አልተዛቡም ማለት ነው። ሲደርቅም በውጭው ማዕዘን ላይ በመጋዝ ስንጥቅ ይከፈትና ስስ እንጨት ከኮላ ጋር ይገባበታል። የዚህች ስስ እንጨት ጅማት መጋጠሚያውን አቋርጦ መሄድ አለበት፤ አለዚያ ራሷ ትሰበራለች። መስተዋት የሚሸከም ትልቅ ክፈፍ በምስማር ብቻ አይታመንም።

ሦስተኛው የአየሩ ነገር ነው። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ዝናቧ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርድና ሌላው ጊዜ ደረቅ ነው። እንጨት ሲደርቅ ርዝመቱ ብዙም አይቀንስም፤ የሚጠበው ወርዱ ነው። ወርዱ ሲጠብ 45 የነበረው ዲግሪ ይዛባና መጋጠሚያው በውስጥ በኩል ይከፈታል። እርጥብ እንጨት ገዝቶ ሳያደርቅ የቆረጠ አናጢ በነሐሴ ያማረ ክፈፍ ይሸጣል፤ በጥር ግን ገዢው ያው ክፈፍ አፉን ከፍቶ ያገኘዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ መባሉ ለዚህ ነው።

የተከፈተን ማዕዘን በመጋዝ ብናኝና በኮላ ደፍኖ ቀለም መቀባት ይቻላል፤ ሲሸጥም አይታወቅም። ስለዚህ ክፈፍ የምትገዙ ወጣቶች ፊቱን ብቻ አትዩ፤ ገልብጣችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። ሁለት ማዕዘኑን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጠምዘዝ አድርጉት፤ ከተንቋቋ ተዉት። እንጨቱ ደርቆ እንደ ተቆረጠም ጠይቁ። ለጥሩ ማዕዘን ጥቂት ብር ቢጨመር አይቆጭም፤ አንዳንዱ ፎቶግራፍ ወድቆ ቢበላሽ ዳግመኛ የሚነሣው ሰው በሕይወት የለምና።